የተረጋገጠ ስጋት

የሰፈራችን ሲሚንቶ ፋብሪካ ባለፈው ዓመት ማጨስ አቁሟል። ይህን ያወቅነው ከዋናው በር በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ይህ ፋብሪካ ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዜሮ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉን ማንበብ የሚፈልግ ሰው በማለዳ ቢሄድ ይመከራል፤ ረፈድ ሲል ጭሱ ይሸፍነዋል።

ያልገባው ሰው «ታዲያ ይሄ የሚወጣው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛም ጠይቀን ነበር። መልሱ በሥነ ሥርዓት፣ በትልቅ ስብሰባ፣ በፕሮጀክተር ታግዞ ተሰጥቶናል።

ወደ ስብሰባው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ልብስ ሰፊዋ ልንገራችሁ፤ ነገሩን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናትና። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ልብስ ነው የምትሰፋው። ነጭ ጨርቅ ትዘረጋለች፣ ትቆርጣለች፣ ከስፌት መኪናው ሥር ታስገባለች፤ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ግን አመድማ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሙሽሮች አለቀሱ። ቀጥሎ የሙሽሮች እናቶች ተሳደቡ። ኋላ ላይ ሰው ሲደክመው እንደሚያደርገው ሁሉ «ፋሽን ነው» ተባለና ተገላገልን። ዛሬ ከሌላ ሰፈር የሚመጡት ሳይቀሩ «ያንን የእናንተን ቀለም» ብለው ያዛሉ።

ጨርቁ መላ ሲገኝለት ደረቷ ግን አልተገኘለትም። ትሰፋለች፣ ታስላለች። ሲያስላት ስፌቱ ይጣመማል። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር፤ «ከጭሱ ራቂ» ብሏት እሱ ራሱ እያሳለ ሸኛት። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጭስ ማውጫው አናት ላይ የሚገጠም ማጣሪያ። ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቶላታል። ቃሉን በየጊዜው ያድስላት ስለነበር ቃሉ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

በስብሰባው ቀን ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካክሎ ተነሣ።

«እትዬ፣ የማጣሪያው ጉዳይ ዛሬ እልባት አግኝቷል» አላት።

«ገጠማችሁት?»

«ከማጣሪያ የሚበልጥ ነገር ገዛን።»

«ምን ገዛችሁ?»

«ደን!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨብን አላውቅም፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ማጨብጨብ ለምዶብናል።

«የትኛውን ደን?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሥራ አስኪያጁ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ በመስኮት አሳየን። በፋብሪካውና በሰፈሩ መካከል ያለችው ያቺው የኛይቱ ደን ናት።

«እሷማ ድሮም እዚያው ነበረች» አለች።

«ነበረች። አሁን ግን የምትተነፍሰው ለኛ ነው።»

ማብራሪያውን የቀጠለው ከካርቦን ድርጅት የመጣው ባለሙያ ነው። እኔ ጫማ ጠጋኝ ስለሆንኩ ሰውን የማየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የዚህ ሰው ጫማ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አፈር ረግጦ አያውቅም። ባለሙያው በግድግዳው ላይ አንድ ጭስ ማውጫና አንድ ዛፍ አሳየን፤ በመካከላቸው ቀስት አለ። ፋብሪካው ይለቃል፣ ዛፉ ይውጣል፣ ፋብሪካው የዛፉን ክሬዲት፣ ማለትም ለመዋጡ የተሰጠውን ምስክር ወረቀት፣ ይገዛል፣ ሁለቱ ሲካካሱ ዜሮ ይሆናል።

«ዛፉ ድሮም ይውጥ አልነበረም እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ይውጥ ነበር» አለ ባለሙያው በትዕግሥት። «ግን በዝምታ ነበር። በዝምታ የተዋጠ ካርቦን አይቆጠርም።»

ከዚያ ወዲህ ማጣሪያውን ያነሣ አልነበረም። የቀረው ደኗን አይቶ ማረጋገጥ ብቻ ነው ተባለ። የክሬዲቱ ሻጭም አረጋጋጭም ይኸው ባለሙያ ነው፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው ለምን ይደክማል?

የደኗ ጥበቃ የልብስ ሰፊዋ ባል ነው። ሰፈሩ አባ ቅጠል ይለዋል። አባ ቅጠል ጉንዳን እንዳይረግጥ እየዘለለ የሚሄድ ሰው ነው። ነፋስ ቅርንጫፍ የሰበረ ቀን እራቱን በቅጡ አይበላም። በዚያች ደን ውስጥ የታጠበ ልብስ ማስጣት እንኳ አይፈቅድም፤ «ዛፉ ይከብደዋል» ይላል። ባለሙያው ሲመጣ ዩኒፎርሙን አስተኩሶ ጠበቀው። እኔም ድንገት የደን ፍቅር ያዘኝና ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

«አባት፣ ይህን ደን ማን ሊቆርጠው ያስባል?» አለ ባለሙያው።

አባ ቅጠል ደረቱን ነፋ። «ማንም! እኔ እያለሁ ቅጠል አትበጠስም።»

የባለሙያው ፊት ጠቆረ። «ማንም ሲሉኝ… በጭራሽ?»

«በጭራሽ ጌታዬ።»

«ከሰል አክሳይ?»

«የለም።»

«ማገዶ ሻጭ?»

«ድርሽ አይልም።»

«ቦታውን ለቤት መሥሪያ የተመኘ ሰው? ወይም ዝም ብሎ የተናደደ ጎረቤት? ሰካራምም ቢሆን ይጠቅመናል።»

«ሰካራም አለን። ግን እዚህ መጥቶ ይተኛል እንጂ ዛፍ አይነካም።»

ባለሙያው ጉቶ ላይ ሊቀመጥ ፈለገ፤ ጉቶ አልነበረም። ቆሞ አዘነ።

«አባት፣ ትልቅ ችግር ውስጥ ከተቱን።»

«እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«ጠበቋታ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሬዲት የሚሰጠው ሊቆረጥ ሲል ለተረፈ ዛፍ ነው። ማንም ሊነካው ያላሰበ ዛፍ ከምን ተረፈ ይባላል? ያልታመመ ሰው አዳንኩ ብሎ የሚኩራራ ሐኪም የለም። ሳስበው ልክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉው ነገር ይኸው ነው፤ የሚሉት ሁሉ ሲያስቡት ልክ ነው።

«ስለዚህ ስጋት ያስፈልገናል» አለ ባለሙያው አብሮት ለመጣው ሥራ አስኪያጅ።

«ከውጭ እናስመጣ?»

«ኧረ የለም! የአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ ቢሆን ይመረጣል።»

ሁለቱም ዘወር ብለው አባ ቅጠልን አዩት።

በማግስቱ የጥበቃነት ቦታው ተሰረዘ፤ ጥበቃ ካለ ስጋቱ ይቀንሳላ። በምትኩ አዲስ የሥራ መደብ ተከፈተና አባ ቅጠል ተመደበበት። ጥቁር ካፖርት፣ ስለታም መጥረቢያና ደረት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ተሰጠው። መታወቂያው ላይ ከፎቶው ሥር «የደን ስጋት» ይላል። በፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ?»

«ስጋት ሆኛለሁ።»

«ማ? አንተ?» ሳቋ ወደ ሳል፣ ሳሏ ወደ ሳቅ እየተቀየረ መኪናዋ ላይ ተደፋች። «ሸረሪት ቤቷን እስክትለቅ መጥረጊያ ይዘህ የምትጠብቀው ሰውዬ!»

«አትሳቂ፣ እርከኑ ከጥበቃ ይበልጣል እኮ።»

«ማጣሪያውስ? ጠየቅክልኝ?»

«መጀመሪያ ላስፈራራና ከዚያ እጠይቃለሁ።»

ሙሽሮች በሚለኩበት መስታወት ፊት ቆሞ መኮሳተር ይለማመድ ጀመር። ቅንድቡን ሲያወርድ ጥርሱ ይታያል፣ ጥርሱን ሲሸፍን ቅንድቡ ይነሣል። ለልብስ ልኬት የመጣች አንዲት ሙሽራ «አባባ፣ ሆድዎን አመመዎት እንዴ?» ብላ ውኃ አቀረበችለት። ጠዋት ጠዋት መጥረቢያውን ተሸክሞ በዛፎቹ መሐል ሲያልፍ አድብቼ ሰምቼዋለሁ። «አይዟችሁ» ይላል በለሆሳስ፤ «ለእንጀራ ነው።»

የማረጋገጫው ዕለት ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ተሰበሰበ። ባለሙያው ከሁሉ ትልቁን ዛፍ መረጠ፤ የአባ ቅጠል አያት ሳይወለዱ የነበረ ዛፍ ነው።

«በሉ አባት፣ ያስፈራሩት።»

አባ ቅጠል ወደ ዛፉ ቀረበ። መጥረቢያውን ከፍ አደረገ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ለዛፉ፣ «ልቆርጥዎት ነው።»

«አንቱ አይበሉት!» ጮኸ ባለሙያው።

«እንዴ፣ ትልቅ አይደሉም እንዴ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም፤ በክሬዲቱ ሊያሠራው ያሰበው የሁለተኛው ጭስ ማውጫ መሠረት ተቆፍሮ አልቋል። ባለሙያውም «ስጋቱ ደካማ ነው» ብሎ ፈረደ። ስጋቱ የእውነት ስለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ የወደቀ ዛፍ ነው። አንድ ብቻ። ለናሙና። የአባ ቅጠል እጅ እንቢ ስላለ በሞተር የሚሠራ መጋዝ የያዙ ወጣቶች ተላኩ። የቡድናቸው ስም «የስጋት ማጠናከሪያ» ነው።

አንዱ ዛፍ ወደቀ። ወዲያው ተአምር ታየ፦ የቀሩት ዛፎች ክሬዲት ከፍ አለ። እውነተኛ አደጋ ላይ መሆናቸው ተረጋገጠ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ሲገባው ፊቱ በራ።

«እና ሌላም ቢወድቅ?»

«የቀሩት ይበልጥ ይከበራሉ» አለ ባለሙያው።

እንዲህ እየተባለ ደኑን ማዳን ተጀመረ። አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር የቀሩት ይድናሉ፤ የቀሩት በዳኑ ቁጥር ጭስ ማውጫው ይረዝማል። አባ ቅጠል ግንድ ለግንድ እየተንከራተተ ያለቅስ ነበር። ባለሙያው በለቅሶው ተደስቶ «ጸጸት ያለበት ስጋት፤ በጣም ሰብዓዊ ነው» ብሎ ፎቶ አነሣው። ፎቶው ፋብሪካው ባሳተመው የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጥቷል።

በመጨረሻ ያ ትልቁ ዛፍ ብቻውን ቀረ። አጥር ታጠረለት። የሁለት ጭስ ማውጫ ኃጢአት እሱ ላይ ነው። አባ ቅጠል ከሥሩ መጥረቢያውን ይዞ ይቆማል፤ ፀሐይ ሲበረታ መሣሪያውን ጥላው ሥር አስቀምጦ ውኃ ያጠጣዋል፤ ዛፉን።

ደኑ ሲነሣ ጭሱ መንገድ ተከፈተለት። ድሮ ትንሽ ትንሽ በቅጠሉ እየተጣራ ይመጣ የነበረው አሁን ቀጥ ብሎ የልብስ ሰፊዋ መስኮት ላይ ይደርሳል። ሳሏ ጠና። ሌሊት ተቀምጣ ነው የምታድረው። አንድ ቀን የጀመረችውን ቀሚስ እንደተሰካ ትታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች። ባለሙያውም እዚያው ነበር።

«ጌታዬ፣ ልሞት ነው። ማጣሪያውን።»

«እትዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ እንደሚያባብል፤ «የእርስዎ ሳል እኮ ተካክሷል።»

«ማለት?»

ባለሙያው ተቀበለው። «የሆነ ቦታ በእርስዎ ፈንታ የማታስል ሴት አለች።»

«የት?»

«ቦታው በጥናት ላይ ነው።»

«ማን ትባላለች?»

«ስም የላትም፤ ግምት ናት።»

ልብስ ሰፊዋ «እንግዲያው ሰላም በሉልኝ» ብላ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳሉ ያዛት። ግድግዳ ይዛ አሳለች፣ አሳለች። ባለሙያው ቀና ሳይል «ያቺኛዋ አሁን በደንብ ተነፈሰች» አለ።

«ተካክሷል» የሚለው ቃል ወሬ ሆኖ ሰፈሩን ዞረ። ሥጋ ሻጩ ሚዛን አጉድሎ ሲያዝ «ሌላ ደንበኛ ላይ ጨምሬዋለሁ፤ ተካክሷል» አለ። ሰካራሙ ላልጠጣባቸው ቀናት ሰርተፊኬት ይገባኛል ብሎ ፋብሪካው በር ላይ ተኛ፤ ደኑ ስለሌለ የሚተኛበትም አልነበረውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ዝም አለች። ዝም ያለች ሚስት ምን እንደምታስብ ያገባ ያውቀዋል። አባ ቅጠል በዚያ ሳምንት ሳይጠሩት ዕቃ ያጥብ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ተመልሳ ቢሮው ገባች። ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች። ከመቀነቷ ክብሪት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ልሸጥላችሁ መጥቻለሁ።»

«ክብሪት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ፋብሪካውን አለማቃጠሌን።»

ሁለቱም ክብሪቱን አዩ።

«ካገባሁ ጀምሮ የምኖረው አጠገቡ ነው» አለች። «ደኑ ከተነሣ ወዲህማ የከሰል መጋዘናችሁ ከመስኮቴ አንድ ውርወራ ነው። አንድም ቀን አላቃጠልኩትም። ግን በዝምታ ነበር። በዝምታ የተደረገ ደግሞ አይቆጠርም ብላችኋል። አሁን ይቆጠርልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አነሣ። ሊጠራ ያሰበው የበሩን ዘበኞች ነበር። ባለሙያው ግን እጁን ያዘው፤ ዓይኑ እንደ ጫማው እያበራ ነበር።

«ቆይ! ያ ሁሉ ከሰል ቢቃጠል የሚወጣውን ካርቦን አስበኸዋል? ካልተቃጠለ ያ ሁሉ ዳነ ማለት ነው!» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው። ስጋቱ የእውነት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሳሉ ቀደማት። ረጅም ሳል ነበር። ሲያበቃ አፏን በመሐረብ ጠረገች፣ መሐረቡን አየችው፣ አጠፈችው፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አየችው።

«የሚደንቅ ነው» አለ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሥራዬ ዘመን እንዲህ ያለ ተዓማኒ ስጋት አላየሁም። ባለቤትዎ ከእርስዎ ተምረው ቢሆን ኖሮ ደኑ ባልተቆረጠ።»

«ዋጋዎ ስንት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ላብ አውጥቶት ነበር።

«ማጣሪያ።»

«ይኸው ነው? ነገ ይገጠማል!»

«እንዴ!» ባለሙያው ከወንበሩ ተነሣ። «በጭራሽ አይሆንም! ማጣሪያ ከተገጠመ ሳሏ ይቆማል። ሳሏ ከቆመ ንዴቷ ይበርዳል። ንዴቷ ከበረደ ምኑን ስጋት ሆነች? ስጋት ከሌለ ክሬዲት የለም። ክሬዲት ከሌለ ሦስተኛው ጭስ ማውጫ በምን ይሠራል?»

ሳስበው ልክ ነው።

ስምምነቱ በማጣሪያው ፈንታ በደመወዝ ለረጅም ዘመን ተፈረመ። ልብስ ሰፊዋ «የእሳት ስጋት» የሚል መታወቂያ አንጠልጥላ ከሰል መጋዘኑ በር ላይ ወንበር ተሰጣት። ክብሪቷን በግራ እጇ ትይዛለች፤ ስፌት መኪናዋን ማምጣት ተፈቅዶላታል። ደረቷን እንዳትታከም በውሉ ተጠቅሷል፤ ንብረት ማበላሸት ነው። በዋናው በር ላይ ሁለተኛ ሰሌዳ ተሰቀለ፦ «ይህ ፋብሪካ ኃላፊነት በተሞላበት ኢንቨስትመንት ከቃጠሎ ድኗል።»

ምሳ ሰዓት ባሏ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ይመጣና አጠገቧ ይቀመጣል።

«እኔ የምልሽ» አላት አንድ ቀን፤ «እንዴት ነው ፊትሽን እንዲህ የምታኮሳትሪው? እኔ መስታወት ፊት ስንት ለፍቼ አልመጣልኝም።»

«አላኮሳተርኩም እኮ» አለችው።

አባ ቅጠል ክብሪቷን አየ፣ እሷን አየ፤ ወንበሩን ትንሽ ወደኋላ ሳብ አደረገ።

አንድ ቀን ባለሙያው ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ክብሪት ይኖርዎታል?»

«አለ። ግን የተሸጠ ነው።»

ሥራ አስኪያጁም ማለፍ አበዛ። መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ «እንደምን ዋሉ» ይል ነበር። ቀጥሎ ቀረብ ብሎ፣ እየሳቀ፣ «ክብሪቷ ባዶ ናት፣ አይደል?» አለ። ልብስ ሰፊዋ ቀፎውን ጆሮው ሥር ነቀነቀችለት። ኮሽ ኮሽ አለ። ከዚያ ወዲህ አልሳቀም። ጉንጩ ገባ፣ ዓይኑ ቀላ፤ ክራቫቱ ሰፋበት። ባለሙያው ዘንድ ደጅ ይጠና ጀመር፤ «ማጣሪያውን ልግጠመው፣ ክሬዲቱ በአፍንጫዬ ይውጣ!» ሲል ሰምተነዋል። ባለሙያው ውሉን አሳየው። ክሬዲቱ ለሌላ ኩባንያ፣ ያም ለሌላ፣ ተሽጦ አልቋል፤ የስንቱ ጭስ ማውጫ በልብስ ሰፊዋ ንዴት ላይ ቆሟል። ማጣሪያ መግጠም አሁን ወንጀል ነው።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ከሥራ መውጫ ላይ ብቻውን መጣ። ወንበሯ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪውን አልጠረገም፣ ከታች የተቀመጠበትን አላየም።

«እትዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ እኮ» አላት። «ዓይኔን ስጨፍን ጭስ ጭስ ይሸተኛል። ደረቴን ይይዘኛል። ምን ይሻለኛል?»

ልብስ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። አመድማውን ቀሚስ ወደ ብርሃን አንሥታ ስፌቱን አየች።

«አይዞዎት ጌታዬ፣ ተካክሷል» አለችው። «የሆነ ቦታ በእርስዎ ፈንታ የምትተኛ ሴት አለች።»